የጋራ በረዶ፣ የጋራ ጆግ፣ የጋራ ፍሪጅ፦ በነርሲንግ ሆም ምግብና መጠጥ ሕመም ይዞ እንዳይዞር

የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች እርስ በርስ ብዙም አይነካኩም፤ አንዳንዶቹ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ አይወርዱም። ያም ሆኖ ሁሉም ከአንድ የበረዶ ሣጥን ይጠጣሉ፣ ከአንድ የፑዲንግ ዕቃ መድኃኒታቸውን ይውጣሉ፣ ምሳቸው በአንድ ጋሪ ይመጣል። ክፍል 4 ውስጥ የጀመረ ተቅማጥ በሦስተኛው ቀን ክፍል 19 ሲገኝ መንገዱ ይኸው ነው፤ ጋሪውንና ስኩፑን (የበረዶ መቅጃውን) ይዞ የዞረውም የእኛው እጅ።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም ለሚሠሩ ሲ ኤን ኤዎች (የነርስ ረዳቶች) እና ነርሶች፣ እንዲሁም ምግብ ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦች የተጻፈ ነው። የቤታችሁ፣ ማለትም የምትሠሩበት ነርሲንግ ሆም፣ ደንብ ከዚህ ከጠበቀ የቤታችሁን ደንብ ያዙ።

ከታች ያለው ሁሉ ከአንድ ደንብ የሚመነጭ ነው፦ ንጹሕ ነገር ወደ ነዋሪው ክፍል ይገባል፤ ከክፍሉ የወጣ ነገር ግን ሳይታጠብ ወደ ጋራው አይመለስም። ማንኪያም ይሁን ጆግ፣ ትሪም ይሁን ያልተከፈተ ጭማቂ፣ አቅጣጫው አንድ ነው።

የውኃና የበረዶ ዙር

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፤ ቀላል ሥራ ስለሚመስል ለአዲስ ሠራተኛ በደንብ አይነገረውም። ብዙ ጊዜ የሚታየው እንዲህ ነው፦ ሠራተኛዋ ከክፍል ውስጥ የተጠጣበትን ጆግ ታወጣለች፣ ኮሪደር ላይ ባለው የበረዶ ሣጥን አፍ ላይ ትይዘዋለች፣ ስኩፑ የጆጉን ከንፈር እየነካ በረዶ ይሞላል፣ የፈሰሰው ተመልሶ ሣጥኑ ውስጥ ይወድቃል። ነዋሪዋ በእጃቸው የነኩት፣ ምናልባትም የሳሉበት ጆግ ከዚያ በኋላ ከሚመጡት ክፍሎች ሁሉ ጋር ተነካካ ማለት ነው። በረዶ ደግሞ ጀርም አይገድልም።

ትክክለኛው ዙር እንዲህ ይሄዳል።

ከመነሳታችሁ በፊት ዝርዝሩን አንብቡ። በአፍ ምንም የማይወስዱ፣ ፈሳሽ የተመጠነባቸውና ወፍራም ፈሳሽ ብቻ የታዘዘላቸው እነማን እንደሆኑ እወቁ። ወፍራም ፈሳሽ የታዘዘላቸው አረጋዊ በረዶ አይሰጣቸውም፤ አፍ ውስጥ ሲቀልጥ ቀጭን ውኃ ይሆንና ትን ይላቸዋል። በተወፈረ ጭማቂ ውስጥ በረዶ መጨመርም ያው ነው፤ ሲቀልጥ ያቀጥነዋል።

የበረዶ ሣጥኑን ባዶ አድርጉና በሳሙና እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ በማጽጃ ውህድ አጽዱት፣ ክፍት አድርጋችሁ በአየር ይድረቅ። በፎጣ አታድርቁት፤ ፎጣው ያለውን ይመልሳል። ውህዱ በረኪና ከሆነ ጥንካሬው ከ50 እስከ 100 ፒ ፒ ኤም (ከሚሊዮን እጅ) ይሁን። ለአንድ ጋሎን ቀዝቃዛ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ሽታ የሌለው በረኪና ወደዚያ ያደርሳል፤ ሆኖም የበረኪናው መቶኛ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ውህዱ ውስጥ የሚነከረው የጥንካሬ መለኪያ ወረቀት ነው። የትናንቱን ውህድ አትጠቀሙ፤ ኃይሉ ይወርዳል።

ስኩፑ በረዶው ውስጥ አይቀመጥም። ማሽኑ አናት ላይ፣ ከአቧራው ጋርም አይጣልም። ክዳን ያለው የራሱ ንጹሕ ዕቃ ይኑረው፤ ያም ዕቃ በየቀኑ ከስኩፑ ጋር ይታጠብ። እጀታው በረዶ ውስጥ የተቀበረ ስኩፕ ማለት የያዙት ሰዎች ሁሉ እጅ በረዶው ውስጥ ነው ማለት ነው። ተቆጣጣሪዎች ወደ ማሽኑ ሲሄዱ መጀመሪያ ከሚያዩት ነገር አንዱም ይኸው ነው።

ጋሪው ኮሪደር ላይ ይቆማል፤ ክፍል አይገባም። ክዳኑ የሚከፈተው በረዶ ሲወሰድ ብቻ ነው።

ጆጎችን የማደሻ ሁለት መንገድ አለ። የሚመረጠው መለዋወጥ ነው፦ የታጠቡ ጆጎችን ወጥ ቤት ሞልታችሁ ታመጣላችሁ፣ የተጠጣባቸውን በሌላ ጋሪ ሰብስባችሁ ወደ ዕቃ ማጠቢያ ትልካላችሁ። ቤቱ በቂ ጆግ ከሌለውና መሙላት ግድ ከሆነ ጆጉ ከክፍሉ አይውጣ፤ በረዶው ይሂድለት። በስኩፑ ወደ አዲስ የወረቀት ኩባያ ጨምሩ፣ ኩባያውን ይዛችሁ ግቡ፣ ከላይ አፍስሱ፣ ኩባያውን እዚያው ክፍል ጣሉት። ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ኩባያ ይጠፋል፤ ከወረርሽኝ ይረክሳል።

ከክፍል በወጣችሁ ቁጥር እጅ ይጸዳል። ጓንት አድርጎ ከክፍል ክፍል መዞር ባዶ እጅ ከመሆን የባሰ ነው፤ ጓንት ያደረገ ሰው እጁ ንጹሕ ይመስለዋልና። ጓንት በሩ ላይ ይወልቃል። ለአብዛኛው ጊዜ አልኮል ይበቃል፤ ነገር ግን ሲ ዲፍ (ብርቱ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ባለበት ክፍል አልኮል የጀርሙን ዘር አይገድለውም፣ ማስታወክና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስንም በደንብ አይገድልም። ለሁለቱም ሳሙናና ውኃ፣ ለ20 ሰከንድ።

ተለይተው የሚታከሙ ነዋሪዎች ክፍል የዙሩ መጨረሻ ይሁን። ዙሩ ሲያልቅ የተረፈው በረዶ ይደፋል፤ ለሚቀጥለው ሺፍት አይቆይም። ከበረዶ ሣጥኑ ውስጥ የራሳችሁን ውኃ ወይም ሶዳ ማቀዝቀዝም እንደዚሁ ክልክል ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል፣ በሌሊት ሺፍት ግን ይረሳል።

ማሽኑ ራሱ

ማሽኑን የማጽዳት ኃላፊነት በአብዛኛው የጥገና ክፍሉ ነው፤ ሆኖም ቆሻሻውን ቀድሞ የሚያየው በረዶ የሚቀዳው ሰው ነው። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከውስጥ በኩል የላይኛውን ጠርዝና የበሩን ጎማ እዩ። የሚያዳልጥ ሮዝ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ነገር ካለ ማሽኑ አገልግሎት ያቁም፤ በጨርቅ ጠርጎ መቀጠል ከሥሩ ያለውን አያነሳም።

ሙሉ ጽዳቱ የአምራቹን መመሪያ ይከተላል። በጥቅሉ ግን ማሽኑ ከመብራት ይነቀላል፣ በረዶው ሁሉ ይጣላል፣ የሚፈቱ ክፍሎች ተፈትተው ይታጠባሉ፣ ያረጀ ጎማ ይቀየራል፣ በውኃ ይለቀለቃል። ከዚያ የበረኪና ውህድ በበረዶ መሥሪያውና በማጠራቀሚያው ውስጥ ይዞራል፤ 100 ፒ ፒ ኤም ከሆነ ለ2 ሰዓት፣ 50 ከሆነ ለ4 ሰዓት። ይህ መጠን በጋሎን ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር በረኪና ይሆናል። ውህዱ ይፈስሳል፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል። የፍሳሽ ቱቦው ጫፍ ከወለሉ ማፍሰሻ በላይ በአየር ተለይቶ መንጠልጠል አለበት፤ ክፍተቱ ቢያንስ የቱቦውን ውፍረት ሁለት እጥፍ ይሁን። ቱቦው ማፍሰሻው ውስጥ ከተነከረ ቆሻሻው ወደ ላይ መመለስ ይችላል።

ለወራት የተዘጋ ክፍል ሲከፈት ወይም ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ የመጀመሪያው በረዶ ይጣል። በቆመ ውኃ ውስጥ የሳንባ ምች የሚያመጣው ሊጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል፤ የበረዶ ፍርፋሪ እየጠባ ትን የሚለው አረጋዊም ጀርሙን ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ነርሲንግ ሆሞች የሊጂዮኔላ መከላከያ የውኃ ዕቅድ እንዲኖራቸው ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ ይጠየቃል፤ የበረዶ ማሽኑ በዚያ ዕቅድ ውስጥ መግባቱን ጠይቁ።

የመድኃኒት ጋሪው

ነርሶች መድኃኒት ፈጭተው በአፕል ሶስ፣ በፑዲንግ ወይም በእርጎ ይሰጣሉ። አደጋው ትልቁ ዕቃና አንዱ ማንኪያ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ነዋሪ አፍ የሄደ ማንኪያ ወደ ዕቃው ተመልሶ ከገባ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ይጣላል፤ «ትንሽ ነው የነካው» የሚባል ነገር የለም። ለአንድ ሰው የሚበቃ ትንሽ እሽግ ካለ ክርክሩ ያልቃል። ከትልቅ ዕቃ መጠቀም ግድ ከሆነ ዙሩ ከመጀመሩ በፊት በንጹሕ ማንኪያ ለእያንዳንዱ ሰው በትንሽ ኩባያ ቀድማችሁ አውጡ። ፑዲንግና እርጎ በረዶ ላይ ይቀመጡ፣ የተከፈቱበት ሰዓት ይጻፍባቸው፣ ዙሩ ሲያልቅ የተረፈው ይጣል። ጋሪው ላይ ያለው የውኃ ጆግም ክዳን ይኑረው፤ ኩባያው ወደ ጆጉ ይጠጋል እንጂ ጆጉ ከተጠጣበት ኩባያ ጋር አይነካካም።

ፈሳሽ ማወፈሪያ ዱቄት በትልቅ ቆርቆሮ ሲመጣ ማንኪያው ውስጡ ተቀብሮ ይገኛል። እርጥብ እጅ ሲገባ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ይሻግታል፣ መጠኑም ይዛባል። ማንኪያው ለብቻው ይቀመጥ። በተለየ ክፍል ላሉ ነዋሪዎች በትንንሽ ከረጢት የሚመጣውን ጠይቁ።

ምግብ ሲቀርብ

ከሁሉ በፊት የነዋሪው እጅ ይጽዳ። ሠራተኛው ሲታጠብ፣ ወጥ ቤቱ ሲታጠብ፣ የሚበሉት ሰው እጅ ይረሳል፤ አገራችን ላይ ከማዕድ በፊት ማስታጠቢያ ይዞ የሚዞር ልጅ ነበር፣ እዚህ ያ ልጅ ሲ ኤን ኤው ነው። እርጥብ መጥረጊያ ወይም ሳሙና የነካ ፎጣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ።

ትሪዎች ሲታደሉ የተበላበት ትሪ ገና ምግብ ወዳለበት ጋሪ አይመለስ። ይህ በየቀኑ የሚጣስ ደንብ ነው፤ ቀድመው የጨረሱ ነዋሪ ትሪ ባዶ ቦታ ያለበት ጋሪ ላይ ይገፋል፣ ከበላዩ ያለው ምሳ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። የቆሸሸው ሁሉም እስኪታደል እዚያው ይጠብቅ ወይም የራሱ ጋሪ ይኑረው። አንዴ ክፍል ገብቶ የወጣ ነገር፣ ያልተከፈተ ወተትም ቢሆን፣ ለሌላ አይሰጥም።

ስታጎርሱ ኩባያን ከታች፣ ማንኪያን ከእጀታው ያዙ። ዳቦን በባዶ እጅ አትቁረሱ። ትኩስ ምግብ ለማብረድ እፍ አትበሉበት፤ እናቶቻችን ያሳደጉን እንዲህ ቢሆንም የእናንተ ትንፋሽ ለ85 ዓመት አዛውንት ጉንፋን ይዞ ይገባል። አማስሉት፣ ጠብቁ። በማንኪያቸው ቀምሶ ማጉረስም ክልክል ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የምታጎርሱ ከሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዞሩ እጅ ይጽዳ፤ አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህ አልኮሉ ጠረጴዛው ላይ በእጅ በሚደረስበት ይቀመጥ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ በሥራ ቦታ ግን በማንኪያ ይሁን።

ብዙ ቤቶች ተለይተው ለሚታከሙ ነዋሪዎች በስታይሮፎም ሳህን ያቀርባሉ። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ሙቅ ውኃና ሳሙና በአግባቡ ከሠራ ይበቃል። ለሳምንታት በሚጣል ሳህን መብላት ሰውን ያዋርዳል፣ ምግቡም ቶሎ ይበርዳል። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ትሪው ሲመለስ ነው።

የፎቁ ፍሪጅ

በየፎቁ ያለው የነዋሪዎች ፍሪጅ የማንም ስላልሆነ ማንም አይጠብቀውም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሺፍት አንድ ሰው በስሙ ይመደብለት።

ሙቀቱ 41 ዲግሪ ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ በሴልሺየስ 5 ነው። ቴርሞሜትሩ በሩ ላይ ሳይሆን ውስጥ መካከል ላይ ይቀመጥ። ስታነቡ የምታዩትን ጻፉ። ለወሩ ሙሉ 38፣ 38፣ 38 የሚል ወረቀት ያለ ማየት የተሞላ መሆኑን ተቆጣጣሪም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ቁጥሩ ካለፈ በሩ ክፍት ቆይቶ እንደሆነ አይታችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሙ። አሁንም ከፍ ካለ ለነርሷ ንገሩ፤ ከ41 በላይ ከ4 ሰዓት ያለፈው ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና የበሰለ ምግብ ይጣላል።

በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የነዋሪው ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ የገባበትና የሚጣልበት ቀን ይጻፍ። የፌዴራሉ የምግብ ደንብ ወጥ ቤት ለሚያዘጋጀው ምግብ በ41 ዲግሪ እስከ 7 ቀን ይፈቅዳል፤ የተዘጋጀበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ከቤት ለመጣ ምግብ ግን ብዙ ቤቶች 3 ቀን ብቻ ይሰጣሉ፤ ልክም ናቸው፣ ከመድረሱ በፊት ምን እንዳለፈ አይታወቅምና። ስም የሌለው ነገር ይጣላል። የሠራተኛ ምሳ፣ መድኃኒትና የላቦራቶሪ ናሙና እዚህ ፍሪጅ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

በረዶ ሆነው ስለሚመጡት የክብደት መጨመሪያ ሼኮች (ወፍራም መጠጦች) ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ከእንዲህ ያለ ሼክ ጋር የተያያዘ፣ በምግብ የሚተላለፍ ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ወረርሽኝ ይፋ ሲሆን በ21 ግዛቶች 38 ታማሚዎችና 12 ሟቾች ተቆጥረው ነበር፤ አብዛኞቹ በነርሲንግ ሆም የሚኖሩ ወይም ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ ናቸው። ሊስቴሪያ ከሌሎች የሚለየው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥም መራባቱ ነው፤ በረዶ መሆን ያቆመዋል እንጂ አይገድለውም። ከፋብሪካ ተበክሎ የመጣን ሼክ በዓይን መለየት አይቻልም። በእናንተ እጅ ያለው ሦስት ነገር ነው፦ ከማቀዝቀዣ የወጣበትን ቀን በእያንዳንዱ ላይ መጻፍ፣ መለያው ከሚለው ቀን በላይ አለማቆየት፣ እንዲመለስ የታዘዘ ዕቃ ሲነገር የወጥ ቤቱን መጋዘን ብቻ ሳይሆን የየፎቁን ፍሪጅና የነዋሪዎችን መሳቢያ መፈተሽ። ቀኑ በካርቶኑ ላይ ብቻ ተጽፎ ካርቶኑ ሲጣል ቀኑም አብሮ ይጣላል።

ከቤት የመጣ ምግብ

የፌዴራሉ ደንብ ቤተሰብ ምግብ እንዳያመጣ አይከለክልም፤ ቤቱ ግን አያያዙን የሚመለከት የራሱ ደንብ እንዲኖረው ያስገድዳል። ስለዚህ ቤተሰብ መጀመሪያ ይህን ደንብ ይጠይቅ። የፈረንጅ ሾርባ አልወርድ ያላቸው እናት በአንድ ጉርሻ ሽሮ ሲነቃቁ ያየ ሰው የቤት ምግብ ይቅር አይልም።

ወጥ በትልቁ ድስት ውስጥ እንዳለ ፍሪጅ ከገባ መሐሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፤ ባክቴሪያ የሚወደውም ያንን ነው። ሁለት ኢንች ያህል ጥልቀት ባለው ሰፊ ዕቃ አከፋፍሉት። ከ135 ወደ 70 ዲግሪ ፋራናይት በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 41 በተጨማሪ 4 ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። በመኪና ሲመጣ ከበረዶ ጋር ይሁን፤ ከፍሪጅ ውጭ በድምሩ ከ2 ሰዓት አይለፍ፣ ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ በላይ በሆነ የበጋ ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት። ለአንድ ጊዜ የሚበቃ መጠን በየትንሽ ዕቃ አምጡ፤ አንድ ጊዜ የተሞቀ ተመልሶ ፍሪጅ አይገባም።

ማይክሮዌቭ ላይ ሸፍናችሁ አሙቁ፣ መሐል ላይ አማስሉ፣ 165 ዲግሪ ይድረስ፣ ከዚያ ለ2 ደቂቃ ተሸፍኖ ይቆይ። ዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው እንቁላልና አጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋ ቀዝቃዛ ሆነው የሚቀሩ ቦታዎች ናቸውና ቴርሞሜትሩን እዚያ ውጉ። ከማጉረሳችሁ በፊት ይብረድ፤ ቃጠሎም አደጋ ነው።

ጥሬ ክትፎና ለብ ለብ አይሁን፤ በደንብ የበሰለው ይምጣ። ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብ የሊስቴሪያ ቤት ነው፤ ፓስቸራይዝድ ከሆነ (ጀርሙ በሙቀት ከተገደለ) ወተት የወጣውን ተጠቀሙ። ፈንዲሻና ቆሎ የመዋጥ ችግር ላለባቸው አደገኛ ናቸው። አጥሚት ሲሞቅ ይቀጥናል ሲበርድ ይወፍራል፤ ወፍራም ፈሳሽ ለታዘዘላቸው ስፒች ቴራፒስቷ (የመዋጥ ችግርን የምትከታተለው ባለሙያ) በሚቀርብበት ሙቀት ትየው። በፋሲካና በመስቀል ደግሞ ለጎረቤት አልጋ ማካፈል ያለ ነው፤ ለሌላ ነዋሪ ከማቅረባችሁ በፊት ነርሷን ጠይቁ፣ አለርጂውንና ኬር ፕላኑን (የእንክብካቤ ዕቅዱን) የምታውቀው እሷ ናት።

ጸበል ለሚጠጡ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ጠርሙስ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት፣ ፍሪጅ ውስጥ። በራሳቸው ኩባያ ይቀዳ፤ ከጠርሙሱ አፍ መጠጣትና አንዱን ኩባያ ማዟዟር ይቅር። ቀኑ ያለፈበትን ሠራተኛው ወደ ቧንቧ እንዳይደፋው ቤተሰብ መልሶ ይውሰድ።

ማስታወክና ተቅማጥ ሲጀምር

ሁለት ነዋሪዎች በአንድ ቀን ካስታወኩ የላቦራቶሪ ውጤት አትጠብቁ። ለኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋ ነርስ ንገሩ፤ ለጤና መሥሪያ ቤቱ የምታሳውቀው እሷ ናት። የጋራው ነገር ሁሉ በዚያው ሰዓት ይቁም፦ የጋራ መመገቢያ፣ ራስ በራስ የሚወሰድ ቡናና ብስኩት፣ ከክፍል ክፍል የሚዞር የበረዶ ሣጥን። ውኃ በታሸገ ጠርሙስ ወይም ከወጥ ቤት በተሞላ ጆግ ይሰጥ። ፈሳሹ ግን አይቀንስ፤ አረጋዊን በፍጥነት የሚጎዳው የውኃ ማነስ ነው።

ትውከት የነካው ቦታ በመጀመሪያ ይጠረግ፣ ከዚያ ቤቱ ለኖሮቫይረስ ባጸደቀው ማጽጃ ይጽዳ። በረኪና ከሆነ በአንድ ጋሎን ውኃ ከ5 እስከ 25 የሾርባ ማንኪያ፤ ይህ ከ1,000 እስከ 5,000 ፒ ፒ ኤም ነው፣ ለበረዶ ሣጥኑ ካልነው በብዙ እጥፍ የጠነከረ። ቢያንስ 5 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ የምግብ ጠረጴዛ ከሆነ በኋላ በውኃ ይለቅለቅ። ሁለቱን ውህዶች አታምታቱ፣ ዕቃቸውም ተለይቶ ይጻፍበት።

የታመመ ሠራተኛ ምልክቱ ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት ቤቱ ይቆይ። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ይህ ምን እንደሚያስከፍለው እናውቃለን፤ ቢሆንም ከዳነ በኋላም ቫይረሱ ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ሁለተኛው ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ነርሲንግ ሆም ነው።

መመገቢያው ከመከፈቱ በፊት የተከፈተ ካቻፕ፣ የስኳር ዕቃ፣ ማወፈሪያ ዱቄትና አፕል ሶስ ይጣሉ፤ በታመሙት ነዋሪዎች መሳቢያ ያለ ክፍት ብስኩትም አብሮ ይሂድ። የማሽኑ በረዶ ተደፍቶ ማጠራቀሚያው ይጽዳ፣ ስኩፖቹ በዕቃ ማጠቢያው ይለፉ፣ የጨው መነስነሻዎቹ አንድ በአንድ ይጠረጉ።